ከመደብሩ የተሳልሁት ነጭ ሐር

ሰው ለጊዮርጊስ ጃንጥላ ወይም ጧፍ ይሳላል። እኔ የሱቅ አድራሻ ጨምሬ ተሳልሁ። «ልጅ ብትሰጠኝ፣ ከዚያ ከፒያሳው ትልቅ መደብር በተገዛ ነጭ ሐር ክርስትና አስነሳለሁ» አልሁ። ያኔ መደብሩ የአንድ አርመን ነበር። መስታወቱ፣ ሽቶው፣ ደረጃው! አማቴ መጀመሪያ የገቡ ቀን የወለሉን ማብረቅረቅ አይተው ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። እኔም ላወልቅ ምንም አልቀረኝ።

እግዚአብሔር የሚሰጠው በራሱ ቀጠሮ ነው። ልጄ የመጣችው ደርግ ገብቶ መደብሩ ከተወረሰ በኋላ ነው። የሕዝብ ሆነ ተባለ፤ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ ሕዝቡ የሚገዛው አጣ። መደርደሪያው ላይ ክብሪትና ሁሉም አንድ ቁጥር የሆኑ የወንድ ጫማዎች ነበሩ። የአብዮት በዓል ስለደረሰ ደግሞ ቀይ ጨርቅ እንደ ጉድ ነው።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ቀኑም ተቃርቧል። የንስሐ አባቴ «ነጭ ይሁን እንጂ ከየትም ይገዛ፣ ልጄ» አሉኝ። እምቢ አልሁ። ጊዮርጊስ ቃሉን ጠብቆ እኔ ከሌላ ሱቅ?

መደብሩ በር ላይ ሰልፍ አገኘሁ። ከፊቴ የቆመውን ጎረምሳ «ምን መጥቶ ነው?» አልሁት።

«እትዬ፣ እሱን ልናይ ነው የተሰለፍነው።»

አሻሻጯ በአርመኑ ጊዜም የነበረች ናት። ነጭ ሐር ጠየቅኋት።

«ቀይ ነው ያለው።»

«ልጄን ላስጠምቅ ነው እንጂ ሰልፍ ላስወጣት ነው?»

ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ በዓይኗ መስኮቱን አሳየችኝ። የሙሽራ ቀሚስ የለበሰች ትልቅ አሻንጉሊት ከድሮ ጀምሮ እዚያ ቆማለች። ጫፉን ፀሐይ ቢያደበዝዘውም ሐሩ ሐር ነው።

«አይሸጥም ይላሉ፤ ራቁቷን ትቀራለች ብለው።»

«ቀይ አልብሷታ!»

አሻሻጯ ወደ ኃላፊው ዞረች። «ጓድ፣ በአብዮት በዓል ሙሽራ መስኮት ላይ ማቆም የፊውዳል ነገር አይሆንብንም?»

ኃላፊው ላብ አጠመቀው። «እስካሁን ምን ትጠብቃላችሁ? አውልቁላት!»

ቀሚሱን በደረሰኝ ገዛሁ። አሻንጉሊቷን ቀይ አልብሰው፣ አበባዋን ነጥቀው ባንዲራ አስያዟት። አሻሻጯን እግዜር ይስጣት፤ ዛሬም በጸሎቴ አነሳታለሁ።

ልጄ ከጥምቀቱ ስትወጣ የክርስትና እናቷ በሐሩ ጠቀለለቻት። ልጄ ወዲያው ሸንታ አረጠበችው። ስለቴ ደርሷልና አልተቆጣሁም። ሳሙና ከመደብሩም ከቀበሌም ጠፍቶ ስለነበር፣ ተመስገን ብዬ በእንዶድ አጠብሁት።