«በስሏል» የተባለው ክምር

መርፌ ይሏታል። ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም። ሰውነቷ ቀጭን ነው፣ ሥራዋ ልብስ ሰፊነት ነው፣ ምላሷም ሲያገኝ ይወጋል፤ የሰፈሩ ሰው ሦስቱን አንድ ላይ ደምሮ በአንድ ቃል ጠራት። እሷም አልከፋትም። «ይሁን፤ የተቀደደውን ሁሉ የምትገጥመው መርፌ አይደለች?» ትላለች።

ቀኑን ሙሉ ከአንድ ፎቅ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው ሱሪ ስታሳጥር፣ የተበላሸ ዚፕ ስትቀይር ትውላለች። ከመስኮቱ የሚታያት የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ሲመሻሽ የስፌት መኪናዋን ትከድንና ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ወዳለው የአትክልት ቦታ ትሄዳለች። ቦታው የሰፈሩ ማኅበር ለአባላቱ ቆራርሶ ያደለው ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ከጎረቤቱ የሚለየው በአንድ ረድፍ ጡብ ነው።

የእሷ ድርሻ ባሏ በሞተ ሰሞን የደረሳት ነው። ያን ጊዜ ሰው የጣለው መሬት ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ሰርዶ ወርሶታል። ሰርዶን የማያውቅ ሣር ይመስለዋል። የሚያውቀው ግን ስሙን ሲሰማ ወገቡን ይይዛል። ሥሩ ከመሬት በታች እንደ ክር ይሄዳል፤ ከላይ ሲቀጥፉት ከታች ይስቃል። ቢቆርጡት ደግሞ ባሰ፤ ጥፍር የምታህል ቁራጭ አፈር ውስጥ ከቀረች እሷው አያት ሆና ልጅ የልጅ ልጅ ታፈራለች።

መርፌ በሰርዶው ላይ አካፋም መቁረጫም አላነሳችበትም። የተሳሳተ ስፌት እንደምትፈታ ጫፉን ይዛ፣ አፈሩን በጣቷ እያላላች፣ ሳይበጠስ መዘዘችው። የመዘዘችውን በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ ዘርግታ ፀሐይ እንደ ገለባ እስኪያንኮሻኩሸው ታደርቀዋለች። ከዚያ በኋላ ነው ከልጣጩ፣ ከቅጠሉና ከፍግ ጋር ለማዳበሪያ ጥግ ላይ የምታበስብሰው ክምር ውስጥ የሚገባው። ማንም አላስተማራትም። እያየች፣ እየጸለየች፣ እየተሳሳተችም ተማረች። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ያ የተጣለ መሬት ካሮትና ቆስጣ ሰጣት። «ባሌን ወሰደ፣ ይህን ሰጠኝ» ትላለች ስለ ፈጣሪዋ ስትናገር፤ «ለምን እንደወሰደ አልጠየቅሁትም፤ ስለ ሰጠኝ ግን ሳላመሰግነው አልተኛም።»

ማኅበሩ አንድ የማይላላ ደንብ አለው። ሰርዶ የጎረቤት ድንበር አያውቅምና፣ ሰርዶ የወረሰው ቦታ ከባለቤቱ ተወስዶ ተራ ለሚጠብቅ ይሰጣል።

ዘንድሮ በጋው ሳያልቅ ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጇ ወለደች። መርፌ የስፌት ክፍሏን ዘግታ ልትሄድ ስትል ያሳሰባት አትክልቱ ነበር። ለባሏ ታላቅ ወንድም ነገረችው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በሆስፒታል ወጥ ቤት ምግብ አብሳይ ሆኖ የሠራ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ወንበሩንና ግድግዳውን ሲያይ የሚውል ነው። ነገሩን ሲሰማ እንደ ወጣት ብድግ አለ።

«አንቺ ሂጂና ልጅሽን እረሻት፤ እኔ መሬትሽን አርስልሻለሁ!» ብሎ በራሱ ቀልድ እስኪያስለው ሳቀ።

«ማረሱ ይቆይ ጋሼ። አረሙን ብቻ ይንቀሉልኝ፣ ክምሩ ላይ ይጨምሩት። ክምሩ ሲበስል መደቦቹ ላይ ይበትኑልኝ።»

«ሲበስል?»

«አዎ፣ ሲበስል።»

«ስለ መብሰል ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አለና ደረቱን መታ። «በይ በሰላም ግቢ!»

መርፌ ልጇን አርሳ፣ የልጅ ልጇን አቅፋ፣ ደስታ በደስታ ሆና ተመለሰች። ሻንጣዋን ቤት ወርውራ በቀጥታ ወደ አትክልቱ ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። መደቦቹ በሙሉ አረንጓዴ ናቸው! ከመሄዷ በፊት የዘራችው ካሮት እንዲህ ሞልቶ የበቀለ መሰላት። «ተመስገን! ጋሼ እጃቸው ይባረክ!» እያለች ፈጠነች።

ቀረብ ብላ ቅጠሉን አየች።

ካሮት አይደለም። ሰርዶ ነው። ከመጀመሪያው መደብ እስከ መጨረሻው፣ መሐል ለመሐል፣ ዳር ለዳር፣ እንደ ተዘራ እህል እኩል የበቀለ ሰርዶ። ጎንበስ ብላ አንዱን ነቀለች፤ ሥሩ ላይ የጣት አንጓ የምታህል ነጭ ቁራጭ ተንጠልጥላለች። ሌላ ነቀለች፤ እንደዚያው። ሦስተኛውን ነቀለች። ቁራጮቹ ሁሉ በአንድ ልክ የተመተሩ ይመስላሉ። ክምሩ ወደነበረበት ጥግ ዞረች፤ ክምር የለም።

«መጣሽ?» አለ ከኋላዋ ምግብ አብሳዩ፣ ፊቱ በርቶ። ውኃ ማጠጫ ይዟል። «እንዴት ነው? አልለመለመም?»

«ጋሼ... ይህ ምንድነው?»

«ያልሽኝን ነዋ! እንዲያውም ክምሩ ቢያንስብኝ ከአጥሩ ውጭ ያለውንም ሣር አንድ ሳላስቀር ነቅዬ ጨመርኩበት። እንደዚያ ተንዘላዝሎ ግን አልከተትኩትም፤ ያልተከተፈ ነገር እኩል አይበስልም። ቢላዬን ስዬ፣ እንደ ሽንኩርት ከተፍኩት።»

«ከተፉት?»

«ልቅም አድርጌ!»

«ክምሩስ የት ሄደ?»

«በተንኩታ! ትንሽ ቆይቼ ማለዳ ብመጣ እንፋሎቱ ይትጎለጎላል። እጄን ሰደድኩበት፤ ያቃጥላል። በስሏል አልኩ፣ አወጣሁት።» ፈገግ አለ። «አርባ ዓመት ድስት ስከፍት ኖሬ እንፋሎት አላውቅም?»

መርፌ ጡቡ ላይ ቁጭ አለች። እንፋሎቱ የመብሰል አልነበረም። ክምር ሥራ ሲጀምር ነው የሚግለው፤ ከጋለ በኋላ ወራት ይፈጃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል፣ አፈር አፈር ይሸታል። በእሷ አፍ «በሰለ» የሚባለው ያ ነው። በእሱ ድስት ግን እንፋሎት ከወጣ አለቀ፤ ይወርዳል፣ ይቀርባል። እሷም ይህን ሳትነግረው ሄደች። ሰርዶ ሳይደርቅ እንደማይገባም አልነገረችው። ማን ሰርዶ ይከትፋል ብላ ታስብ?

«ምነው ተቀመጥሽ? ደክሞሽ ነው?»

ቀና ብላ አየችው። በምላሷ ጫፍ ላይ የመጣው ቃል ስለታም ነበር። ግን የሰውየው ዓይን እንደዚያ ሲያበራ ካየች ብዙ ጊዜ ሆኗታል። ቃሉን ዋጠችው፤ እንደ እሾህ ወረደ።

እንዲያ እንዳለች የማኅበሩ ሰብሳቢ በጡቡ መንገድ መጣች። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ ስትሄድም ስትናገርም አትቸኩልም። መደቦቹን ስታይ ግን ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«በስመ አብ!» አለች። «ድርሻው ካንቺ የሚዋሰነውን ሾፌር ቀልድ ነው ብዬ ተቆጣሁት። ‹መርፌ ሰርዶ ዘራች› ሲለኝ! ምን ሆነሽ ነው? ማን ነው ይህን የሠራው?»

ምግብ አብሳዩ «ሰርዶ?» አለ። ጎንበስ ብሎ አንዱን ነቀለና ነጯን ቁራጭ አየ፤ የገዛ ቢላው ሥራ እንደሆነ አወቀ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ መርፌ አየች። ከሰርዶው ይልቅ ያ አስደነገጣት።

«ቃሉ የእኔ ነው፣ እትዬ» አለች ቶሎ ብላ። «ሲበስል ይበትኑት ብያለሁ። እሳቸው የታዘዙትን ነው የፈጸሙት።»

«አትዋሺ አንቺ ልጅ!» አለ ሽማግሌው። «ክተፉ ብለሽኛል? ከአጥር ውጭ አምጡ ብለሽኛል? እትዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቦታውን ከወሰዳችሁባት... እሷ በዚህ መሬት ነው የቆመችው። ወንድሜ ሲሞት እኔ እንኳ ያላጽናናኋትን ይህ አፈር ነው ያጽናናት።»

መርፌ ይህን ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

ሰብሳቢዋ ተንበርክካ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደች፤ አንዱን ቡቃያ ሳብ አድርጋ መዳፏ ላይ አጋደመችው፤ ሥሩን አገላብጣ አየችው።

«ገና ጨቅላ ነው» አለች። «ሥሩ እርስ በርሱ አልተያያዘም። አንድ በአንድ በእጅ ከተለቀመ ይወጣል። ዝናቡ ከቀደማችሁ ግን መሬቱ ውስጥ ይተሳሰራል፤ ያን ጊዜ ደንቡ ደንብ ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አልሽረውም።»

ሰማዩን ሦስቱም አዩት። ከወዲያ ማዶ መጥቆር ጀምሯል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የስፌት ክፍሏ በር ላይ «እመለሳለሁ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ከረመ። መርፌ ከአንድ ወገን፣ ምግብ አብሳዩ ከሌላው ወገን ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው እየፈተፈቱ ለቀሙ። መጀመሪያ አካባቢ ሽማግሌው እየቸኮለ ይበጥስ ነበር፤ በበጠሰ ቁጥር «ይቅር በለኝ» ይላል፤ ለእሷ ይሁን ለፈጣሪው አይታወቅም። ሾፌሩ ከጡቡ ማዶ «ጋሼ፣ ዛሬስ ምን በሰለ?» እያለ ሊያላግጥ ሞከረ። አንድ ቀን ግን የሽማግሌውን ጉልበት ደምቶ አየና አፉን ይዞ ገብቶ አብሮ ለቀመ።

ዝናቡ ሳይጨርሱ መጣ። የቀራቸው አንድ መደብ ነበር። መርፌ ሌሊቱን የጣሪያውን ቆርቆሮ ጩኸት ስትሰማ አደረች። በልቧ ቦታውን ተሰናብታዋለች፤ «ሰጥተኸኝ ነበር፤ ተመስገን» ብላ ነው የነጋላት።

ሰብሳቢዋ ጭቃው ሳይደርቅ መጣች። ከመጀመሪያው መደብ ጀምራ ቀስ ብላ ሄደች፤ እነርሱ ከኋላዋ፣ እንደ ጥፋተኛ። አፈሩ ጥቁርና ባዶ ነው። የመጨረሻው መደብ ጋ ስትደርስ ቆመች። መሐል ላይ ጥቂት ሰርዶ ጫፉን ብቅ አድርጓል። መርፌ ዓይኗን ጨፈነች።

ስትገልጠው ሰብሳቢዋ ጎንበስ ብላለች። ቡቃያዎቹን አንድ በአንድ፣ ሳትበጥስ፣ ከነሥራቸው መዘዘችና ወደ ሽርጧ ኪስ ከተተቻቸው። እጇን አራገፈች። ምንም እንዳላየ ሰው ዞር ብላ፦

«ካሮቱን መቼ ልትዘሩ ነው?» አለች።

መርፌ የሽርጡን ኪስ አየች። ድንጋጤው ከመጀመሪያው ቀን በለጠባት።

«ነገ» አለ ምግብ አብሳዩ። ከዚያ ወደ መርፌ ዞሮ በሹክሹክታ፣ «ነገ ይሆናል አይደል? አንቺው ንገሪን እንጂ!»