አዴ ጫልቱ ያልተናገሩት ስም

በአዳማም፣ በባቱም፣ በሞጆም ለምትገኙ፣ አዴ ጫልቱን ለምታውቁ ሁሉ።

አዴ ጫልቱ አርፈዋል። ከሁለት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ማለዳ፣ ሲያስቸግራቸው የኖረው የልብ ሕመም በርትቶባቸው፣ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ መንገድ ላይ ነፍሳቸው ወጣች። ረቡዕ ቀበርናቸው። መርዶው ያልደረሳችሁ ካላችሁ ከእኔ ስሙት። መርዶ ብቻ ግን አይደለም የማሰማችሁ።

እኔ በቀለ እባላለሁ፤ ከእሳቸው ጋር በአንድ ማኅበር የሠራሁ አናጺ ነኝ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈምና ነገሬ ቢንዛዛ ታገሡኝ። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቀስ ብሎም የሚቆጣ ሰው ነኝ። አሁን ግን ተቆጥቻለሁ። የተቆጣሁትም እዚያው ቀብራቸው ላይ ነው። የማኅበራችን ሰብሳቢ ድምፅ ማጉያውን ጨብጠው «ሕግ አክባሪ፣ ለሕፃናት የሚቆረቆሩ እናት ነበሩ» ሲሉ ሰማሁ። እኚሁ ሰው ናቸው ከአምስት ወር በፊት በስብሰባ ላይ «የፈረንጅ ጠበቃ» ብለው ከሥራ ያስወጧቸው። አፈር እስኪለብሱ ጠብቆ ማመስገን ምን የሚሉት ሙያ ነው?

ከመጀመሪያው ልጀምር።

እኛ የምንሠራው የእንጨት መጫወቻ ነው። ከዋንዛ የሚጠረብ ፈረስ፣ ከኋላው ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ። ባቱ መንገድ ላይ እንደሚሮጠው ያለ፣ ነገር ግን በመዳፍ የሚያዝ። አዳማ በተሰጠን ሼድ ውስጥ ይሠራል፣ በኢንተርኔት አውሮፓ ላሉ ወላጆች ይሸጣል። አዴ ጫልቱ የዕቃው ደህንነት ኃላፊ ነበሩ። ቀድሞ ባቱ በአንድ የአበባ እርሻ ማሸጊያ ክፍል ብዙ ዓመት ስለሠሩ፣ ፈረንጅ በምን ምክንያት ዕቃ እንደሚመልስ ከሁላችንም በላይ ያውቁ ነበር።

ሕጉን ሲያስረዱን እንዲህ አሉ። እዚያ አገር ለሕፃን የሚሸጥ ዕቃ ከውጭ ሲገባ፣ ምን አደጋ ሊያመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ተመርምሮ በጽሑፍ ይቀመጣል። ከምን እንጨት፣ በምን ቀለም እንደተሠራ ይታወቃል። መለያ ወረቀቱ ላይ የሠሪው ስም ይጻፋል፤ ደግሞም እዚያው አውሮፓ የሚኖር፣ ተጠያቂ የሆነ ሰው ስምና አድራሻ ይጻፋል። እኛ አጉረመረምን። እንጨት የምታለሰልሰው አልማዝ «አዴ፣ ልጁ ሊጫወትበት ነው ወይስ ሊከሰስበት?» ስትል ሼዱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም ሳቁ። «አልሚዬ፣ ልጅ መጀመሪያ የሚጫወተው በአፉ ነው» አሏት።

ጠረጴዛቸው ላይ ከባቱ ዓሣ ነጋዴ የገዟት ባለ መንጠቆ ሚዛን ነበረች። መንጠቆዋን ጎማው ላይ ያስገባሉ፣ ፈረሱን በግራ እጃቸው ጨብጠው ይስባሉ። ሚዛኗ እሳቸው ያሰመሩባት ቁጥር ድረስ ተስባ ጎማው ካልተነቀለ ዕቃው አለፈ። ከተነቀለ ሠራተኛው ሁሉ «ዓሣ ተያዘ!» ብሎ ይጮሃል፣ የሠራው ሰው አንገቱን ይደፋል። አንድ ቀን የእኔ ሦስት ጎማ ተከታትሎ ተነቀለ። «ጋሽ በቀለ፣ ዛሬ ሐይቁ ሞልቷል!» አሉኝ። ከዚያ ጠጋ ብለው ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ «ዓይንዎ ደክሞ ይሆናል እንጂ እጅዎ አልደከመም» አሉ። በማግስቱ ራሳቸው ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። ይህን የምጽፍበት መነጽር ያን ጊዜ የታዘዘልኝ ነው።

አውሮፓ ያለ ተጠያቂ ሰው ፍለጋው ወራት ፈጀብን። በዚያ መሐል አንድ ዘናጭ ደላላ ወደ ሼዱ መጣ።

«አዴ፣ ምን ያደክምዎታል? አድራሻ እኔ እሰጥዎታለሁ። ስም አለው፣ የመንገድ ቁጥር አለው። ፎርማሊቲ ነው እኮ!»

«ሰውየውስ አለ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ስሙ የሚጻፈው።»

«እሱማ… ወረቀት ላይ አለ።»

«ሕፃን ታንቆ እናቱ ስትደውል፣ ወረቀቱ ስልክ ያነሳላታል?»

ደላላው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። በሩን አሳዩትና ፍለጋቸውን ቀጠሉ። በመጨረሻ መጫወቻ የምትሸጥ አንዲት ሴት እዚያው አውሮፓ አገኙ። ሴትዮዋ ሰነዱን ሁሉ አንብባ፣ ጠይቃ፣ ስሟ እንዲጻፍ ፈቀደች። ሰው ሰውን አምኖ ስሙን ሲሰጥ እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

ለጎማው የምንቀባው ቀይ ቀለም ለሕፃን ዕቃ እንዲሆን የተመረመረ ነበር። ፈዘዝ ያለ ቀይ ነው፤ እኔ አልወደድኩትም። እኔ ያደግሁት ባቱ ነው፤ አባቴ ጋሪ ሠሪ ነበር። እኛ ዘንድ ቀለሟ ከሩቅ የማይጮህ ጋሪ የችግረኛ ጋሪ ናት። ታዲያ የተመረመረው ቀለም አለቀ። አዴ ጫልቱ «ሌላው እስኪመጣ ይጠበቅ» ብለው ሳለ፣ እኔ ባቱ ሄጄ ባለጋሪዎቹ የሚቀቡትን ቀይ ገዛሁ፤ አምጥቼም በተመረመረው ቀለም ባዶ ጣሳ ውስጥ ገለበጥኩት። ለተንኮል አይደለም። ጋሪዬን ጋሪ ያደረግኋት መስሎኝ ነው። በዚያ ቀለም ሁለት ጭነት ቀባሁ። አንደኛው ሄዶ ተሸጠ። ሁለተኛው በካርቶን ታሽጎ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደረሰ።

አዴ ጫልቱ ከሚላከው ሁሉ አንዳንድ ለናሙና ያስቀሩ ነበር። አንድ ጠዋት የድሮውንና የአዲሱን ይዘው ወደምጠርብበት ቦታ መጡ።

«አካም ቡልተኒ፣ ጋሽ በቀለ። ይኼኛው ምነው እንዲህ አበራ?»

«የጋሪ ቀይ ነዋ!» አልኩ፣ በኩራት።

ፊታቸው ተለወጠ። አልጮሁም። «ጋሽ በቀለ፣ ይህን ቀለም ፈረስ አይልሰውም። ሕፃን ግን ይልሰዋል» አሉ። በኋላ ሲመረመር እርሳስ የሚባለው፣ የልጅን አእምሮ የሚጎዳው መርዝ ተገኘበት።

ምርመራውን ግን አልጠበቁም። የዚያኑ ዕለት በሚኒባስ ሞጆ ወረድን። የጭነት ጸሐፊው ወረቀታቸውን አይቶ ጭንቅላቱን ያዘ። «እናቴ፣ እዚህ ሰው ሁሉ ዕቃዬ ቶሎ ይሂድልኝ ብሎ ያለቅሳል። ይቅርልኝ ብሎ የለመነኝ እርስዎ ብቻ ነዎት!» አለ። «እንግዲያውስ ዛሬ ከለቅሶ አረፍክ» አሉት። እስኪመሽ ቆመን ካርቶኖቹን አስወረድን። ስለ መጀመሪያው ጭነት ደግሞ አውሮፓ ላለችው ሴት ሳይደብቁ ጻፉ። እሷም ለገዙት ሁሉ «ከልጃችሁ እጅ ውሰዱ፣ መልሱ» ብላ አስታወቀች።

ይህን ሁሉ ሕግ ያዛል። የአዳማውን ግን ማን አዘዛቸው? በዚያ ቀለም የቀባኋቸውን ጥቂት ጋሪዎች ለጎረቤት ልጆች ሰጥቼ ነበር፤ አንዱን ለልጅ ልጄ። አዴ ጫልቱ ቤት ለቤት ዞሩ። በእያንዳንዱ በር ላይ ጋሪውን ተቀብለው፣ ቀለም ያልነካው ፈረስ በምትኩ ሰጡ። አንዷ እናት «ፈረንጅ ያልፈለገውን ነው የሰጣችሁን?» ብላ ስትጮህባቸው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ። እኔ ሁለት እርምጃ ከኋላቸው ነበርኩ።

ሥራ ቆመ። ከአውሮፓ ትእዛዝ አልመጣ አለ። ስብሰባ ተጠራ፤ ሰብሳቢው ጠረጴዛ መቱ። «ቀለሙን ማነው የቀየረው?»

አዴ ጫልቱ ተነሡ። «ለእያንዳንዱ ጭነት ቀለሙ ትክክል ነው ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። ጣሳውን ከፍቼ ሳላይ ፈርሜያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ዕድሜዬን አሰብኩ። ከዚህ ብወጣ ማን ሥራ ይሰጠኛል አልኩ። አፌን ዘጋሁ። ስንወጣ ተከትያቸው «አዴ፣ ለምን?» አልኳቸው። «እኔ የራሴን ተናገርኩ። የእርስዎን መናገር ከፈለጉ፣ ጋሽ በቀለ፣ እርስዎም አፍ አለዎት» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነው። ሰብሳቢው «ከሞጆ የተመለሰው ዕቃ ለምን ይበሰብሳል? ወለንጪቲ ገበያ እንሽጠው። እዚህ የሚጠይቅ የለም» አሉ። ብዙ እጅ ወጣ። አዴ ጫልቱ ያን ጊዜ ነው ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት። «የወለንጪቲ ልጅ ደም ከውኃ ነው የተሠራው? ለማታውቁት ልጅ ስትጠነቀቁ ከርማችሁ፣ ለምታውቁት ልጅ መርዝ ትሸጣላችሁ?»

በማግስቱ የፕላስቲክ ወንበር አምጥተው መጋዘኑ በር ላይ ተቀመጡ። ሦስት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ። «ካርቶን ከወጣ ቀጥታ ወደ ጤና ቢሮ እሄዳለሁ» አሉ። ጤና ቢሮው ተፈርቶ ካርቶኑ አልወጣም። እሳቸው ግን ወጡ፤ «ሥራ አሰናክለዋል» ተብለው። የሚያስቆጣኝ ይህ ነው! ስማቸው ከአፍ አፍ ዞረ። ጫልቱ ናቸው ማኅበሩን የገደሉት፣ ጫልቱ ናቸው እንጀራችንን ለፈረንጅ የሸጡት ተባለ። ጉሊት ላይ ሰላምታ የነሷቸውን አውቃለሁ። ከሁሉ በፊት የምቆጣው ግን በራሴ ነው። እውነቱን ይዤ አምስት ወር ዝም ብያለሁ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው፣ ከዚያም ማኅበሩ ፊት ልቆም ወስኜ ነበር። ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ። የዚያን ማክሰኞ ረፋድ ላይ ወደ ቤታቸው ስሄድ ድንኳን ሲተከል ደረስኩ።

ሣልስታቸው በወጣ ማግስት፣ ዓርብ፣ ሼዱ ግቢ ውስጥ አይሱዙ ቆማ አገኘሁ። ካርቶኖቹ እየተጫኑ ነው፤ ለቅዳሜ ገበያ፤ ወለንጪቲ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አልኩ።

ሰብሳቢው «ጋሽ በቀለ፣ ለቅሶውም አልፏል። እንግዲህ ሠራተኛው ይብላ» አሉኝ።

መኪናዋ ፊት ቆምኩ። በሕይወቴ ሰው መሐል ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ተናገርኩ። «ቀለሙን የቀየርኩት እኔ ነኝ! ከባቱ ገዝቼ ጣሳው ውስጥ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። አዴ ጫልቱ እያወቁ ስሜን አልጠሩም። የሰደባችኋቸው በእኔ ጥፋት ነው!»

ሰብሳቢው «አርጅተዋል፣ ሐዘንም አለ፣ ቤት ይግቡ» አሉ። «አርጅቻለሁ» አልኩ። «ስለዚህ የምትነጥቁኝ ብዙ ነገር የለም። መኪናዋ ከሄደች በእኔ ላይ አልፋ ነው።»

መጀመሪያ የመጣችው አልማዝ ናት። አጠገቤ ቆመች። ከዚያ ሌሎቹ ሴቶች። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ካርቶኖቹን መልሰን አወረድን። አፋችንን በእርጥብ ጨርቅ አስረን እያንዳንዷን ጋሪ ሰበርን፤ የሚሸጥ ነገር እንዳይቀር። ለማገዶም አላደረግነውም፤ ጭሱም እንደሚጎዳ አዴ ጫልቱ ነግረውን ነበርና። ስብርባሪውን በጆንያ አስረን ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ሠራተኞች አስፈርመን አስረከብን። አውሮፓ ላለችው ሴትም አልማዝ ጻፈችልኝ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ፣ ጫልቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ። በማኅበሩ ስለ እኔ ገና አልተወሰነም። እንደ ፈቃዳቸው።

አዴ ጫልቱ ሆይ፣

በሕይወት ሳሉ ልናገርልዎ የሚገባኝን በሬሳዎ ላይ እንኳ ሳልናገር፣ ከቀብርዎ በኋላ ተናገርኩ። ዘግይቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ ማለት የሚገባኝ ፊትዎ ቆሜ ነበር፤ አሁን ፈጣሪ ያድርስልኝ። ልጆችዎ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። ትልቋ አለቀሰች፤ ሁለተኛው ተቆጣ፣ እውነት አለው።

እርስዎ ግን ይረፉ። መጋዘኑ በር ላይ የሚቀመጥ ሰው አሁን አያስፈልግም፤ መጋዘኑ ባዶ ነው። «ጫልቱ አበላሹት» የሚል ሰው በአዳማ ካለ፣ የመቃብርዎን ሰላም አይረብሽ። ወደ እኔ ይምጣ። ቤቴ ይታወቃል፤ ከእንግዲህ ዝም አልልም።

ነጋቲ፣ አዴ ጫልቱ። በሰላም ይሂዱ።