ጥፍሬ ስር ያለውን ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር

ከእግሬ አውራ ጣት ጥፍር ስር ጥቁር መስመር ሲወጣ ጫማ የመታኝ መሰለኝ። ሲኤምሲ ያለ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። መስመሩ ሰፍቶ ጥፍሬ ሲሰነጠቅ ታላቅ ወንድሜ ክሊኒክ ወሰደኝ፤ ናሙና ሰጠሁ። ውጤቱ የደረሰ ቀን ሐኪሙ እኔን ኮሪደር ላይ ትቶ ወንድሜን ወደ ውስጥ ጠራው። ጣቱ የእኔ፣ ወሬው የእሱ።

ሲወጣ «ተራ ቁስል ነው፣ ጠበል ይሽረዋል» አለኝ። አመንኩት። ጠበሉ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ጠበል ዋሹ አላለም።

ከእናቴና ከወንድሜ ጋር የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። አክስቶቼ ያን ሁሉ መንገድ በታክሲ ተጋፍተው፣ ሙዝና ብርቱካን ተሸክመው ይመላለሱ ጀመር፤ ለአንድ ጥፍር። ሲስሙኝ አይለቁኝም። እኔ ወይም እናቴ ስንገባ ወሬያቸውን ቆርጠው ስለ ሽንኩርት መወደድ ያነሳሉ። ክረምቱ እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ካልሲዬ በደም ራሰ። ለማንም ሳልናገር አትላስ አካባቢ ወዳለች የቆዳ ሐኪም ሄድኩ። ጣቴን አይታ ናሙና ወደ ሰጠሁበት ክሊኒክ ደወለች።

«የቆዳ ካንሰር ነው። አልነገሩሽም እንዴ?» አለችኝ።

የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ይመስለኝ ነበር። ጥፍር ስር የሚወጣው ግን ፀሐይም ነጭ ቆዳም አይጠብቅም። ያኔ ብመጣ የጣቴ ጫፍ ብቻ ተቆርጦ ይበቃ ነበር። አሁን ጣቱ በሙሉ ይነሳል፤ ብሽሽቴ ላይ ያገኘችው እብጠትም ይመረመራል።

እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ቤት ገባሁ። ወንድሜ ከእናቴ ጋር ተቀምጧል። «ካንሰር መሆኑን ታውቅ ነበር?» አልኩት።

በዓይኑ ወደ እናቴ ጠቀሰኝ። ለካ እሷንም ደብቋት ኖሯል።

«ደም ብዛት እንዳለባት እያወቅሽ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አንቺም እንዳትደነግጪ ብዬ እኮ ነው።»

«የደነገጥከው አንተ፣ የሚቆረጠው የእኔ ጣት» አልኩት። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሬ ሐኪሟ ያለችኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

እናቴ አልወደቀችም። እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ካልሲዬን አወለቀች፤ ጣቴን ብዙ አየችው። ቀና ስትል «ቀዶ ጥገናው መቼ ነው? አብሬሽ እገባለሁ» አለች።

ወንድሜን ግን ላብ አጠመቀው፣ ከንፈሩ ደረቀ። እያነከስኩ ሄጄ ውሃ ያመጣሁለት እኔ ነኝ።