ከወፍጮ ቤት የጠፋው ብረት

በደርግ ጊዜ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት መርማሪ ሆኜ በገባሁበት ቀን አለቃዬ አንድ ፋይል ሰጡኝና፣ «ቀላል ነው፤ መተማ ሄደሽ የፍርዱን ግልባጭ ይዘሽ ነይ» አሉኝ። አንድ የወፍጮ ሠራተኛ ጭንቅላቱን በብረት ተመትቶ ሞቷል። አያሌው የሚባል፣ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ የቀን ሠራተኛ ገድሎታል ተብሎ አሥራ አምስት ዓመት ተፈርዶበታል። የሟቹ ኢንሹራንስ ለሥራ አደጋ እንጂ ለግድያ አይከፍልም።

ዩኒቨርሲቲ ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገር አላስተማረኝም። መተማ ዮሐንስ ፖሊስ ጣቢያ ሦስት ጊዜ «ይቅርታ» ካልኩ በኋላ ነው አምሳ አለቃው ቀና ያሉት።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ምንም። ኤግዚቢቱን ለማየት ነው።»

ጠማማ ብረት አወረዱልኝ። «የግድያ መሣሪያ፣ ብረት፣ አንድ» የሚል ወረቀት ታስሮበታል። መዝገቡ እንደሚለው አያሌው ወረፋ ላይ ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቋል፤ በኋላም ሬሳው አጠገብ ብረቱን ይዞ ተገኝቷል። እሱ ግን «ከላዩ ሳነሳለት ነው» ብሏል።

የወፍጮውን ባለቤት ሐጂ እድሪስን ለወጉ ያህል ጠየቅኋቸው። ያን ሰሞን ጎንደር ነበሩ፤ ምስክርም አልተቆጠሩም።

«እኔን ያቃጠለኝ ማኖቬላዬ ነው፣ ልጄ። አርጅቶ ሞተሩ ላይ እየተጣበቀ ስላስቸገረ አዲስ ልገዛ ሄጄ አጣሁ። ስመለስ አሮጌውም የለም! ወላሂ፣ ሌባ ወሰደው ብዬ ለፖሊስ ሦስት ጊዜ አመለከትኩ። ወፍጮው ቆሟል።»

ማኖቬላ የናፍጣ ሞተርን በእጅ አዙረው የሚያስነሱበት ጠማማ ብረት ነው።

ጣቢያ ተመለስኩ። የሐጂ የስርቆት አቤቱታ ከግድያው ብረት ሥር፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ተኝቷል።

አምሳ አለቃው አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። «ታዲያ በማኖቬላ ሰው አይገደልም?»

«እንሞክረው?» አልኩ፣ ለራሴም በማይሰማ ድምፅ።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሐጂ «ተው፣ ይቅርብህ» ቢሏቸውም አምሳ አለቃው እጅጌያቸውን ሰብስበው አዞሩ። ሞተሩ ተነሳ፤ ማኖቬላው ግን አልወጣም። አብሮ ሲሽከረከር ለቀውት ዱቄቱ ላይ ተወረወሩ። ብረቱ ተፈናጥሮ የቆርቆሮውን ጣሪያ በስቶ ወጣ። ውጭ ሴቶቹ «ወፍጮው ተነሳ!» እያሉ እህል ሊያመጡ ይሮጣሉ።

«አደጋ ነው ብለሽ ጻፊ» አሉ አምሳ አለቃው፣ ከቅንድባቸው እስከ ጫማቸው ነጭ ሆነው።

«እርስዎም ይፈርሙበት።» እስከዚያ ቀን ጮክ ብዬ የተናገርኩት ትልቁ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው።

ይግባኝ ሰሚው አያሌውን በነፃ ለቀቀው። ከወህኒ እንደወጣ ሐጂ ዘንድ ሄዶ ያን ቀን ሳይፈጭ የቀረውን እህሉን ጠየቀ። የሟቹ ሚስትም ካሳዋን አገኘች።

«የላክሁሽ ላለመክፈል ነበር» አሉ አለቃዬ።

«አዎ፣ ጓድ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ኤግዚቢትን በየቀኑ ለሚሠራበት ሰው ሳላሳይ ሪፖርት አልጽፍም።