ቡላ የተባለችው ዳማ

ሞጣ ላይ ዝናብ ሲያባራ ባለጋሪዎች በፓምፕ መሸጫ ሱቄ በር ሲያልፉ፣ ዝናብ የመታው የፈረስ ጠጕር ሽታ ከሱቁ ናፍጣ ጋር ተደባልቆ ይገባል፤ ያን ጊዜ እጄ ላይ ያለውን የፓምፕ ዕቃ አስቀምጬ፣ ሳልወድ በግዴ ወደ ልጅነቴ ብቸና እመለሳለሁ።

አባቴ ፈረስ ነጋዴ ነበሩ። ከሞጣ ገዝተው ብቸና፣ ከብቸና ገዝተው ሞጣ ይሸጡ ነበር፤ ፈረሱ አንዳንዴ ያው ነው፣ የሚወራለት ነገር ግን ይለያያል። እኔም እግሬ እርካብ ሳይደርስ ጀምሮ ከኋላቸው እየተከተልሁ፣ ቦራው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ዳማው ቅላቱ ወደ ጥቁረት የሚያደላ፣ ቡላው ዐመድ የመሰለ፣ ሰጋሩ ተቀማጩን የማያንገጫግጭ መሆኑን አጥንቼ፣ ገዢ ፊት ሲጠይቁኝ ሳልሳሳት እመልስ ነበር። ገዢው «ይህስ ልጅ አይደለም፣ ሽማግሌ ነው» ሲል፣ አባቴ ጢማቸውን ይነኩ ነበር። ያች ጢም መንካት ደመወዜ ነበረች።

አንድ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ የአክስቴ ልጅ ይበልጣል ከሞጣ መጣ። እኩያዬ ነው፤ ስሙን ሲያወጡለት እኔን አላማከሩኝም። ደብተሩን ይዞ በረቱ ደጃፍ ተቀመጠና፣ እንግሊዝኛ ወንዱን ፈረስ ድንጉላውን ስታሊየን፣ ሴቷን ባዝራዋን ሜር፣ ወንዱን ውርንጭላ ኮልት፣ ሴቷን ፊሊ እንደሚል ለአባቴ አነበበላቸው።

«ለየዕድሜው ስም አለው በለኛ!» አሉ አባቴ።

«አዎ አጎቴ። የሞተር ጉልበትም የሚለካው በፈረስ ነው፤ ሆርስ ፓወር ይሉታል። የሚኮራን ሰው ደግሞ ከረጅም ፈረስ ላይ ተቀምጧል ይሉታል።»

የመጨረሻውን ሲናገር ከራሱ ከይበልጣል በቀር ማንም አልታየኝም።

«በቀለሙስ ምን ይሉታል? ዳማን፣ ቡላን?» አልሁት።

«እሱን ገና አልተማርንም።»

«እንግዲያው ፈረስ የሚገዙት ሳያዩት ነው?»

አባቴ ሳቁ፤ ጢማቸውን የነኩት ግን እሱን እያዩ ነበር። ከዚያ ወዲያ ክረምቱን ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ና እስቲ ይበልጣል፣ ያችን አንብብላቸው» ይሉ ነበር፤ ወፍጮ ቤት ሄደውም ባለወፍጮውን «ሞተርህ ስንት ፈረስ ነው?» ብለው ጠይቀው፣ «ዐሥራ ሁለት ፈረስ አስሮ ሣር አይገዛም» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወሩ ነበር። የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ ከእኔ አፍ አዲስ ነገር ሊሰሙ አይችሉም ነበር፤ ይህ ግን የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ የገባኝ ቦታዬ መወሰዱ ብቻ ነበር።

ነሐሴ ላይ ባዝራችን ሴት ውርንጭላ ወለደች። በቤታችን ደንብ ለውርንጭላ ስም ያወጣ ሰው ባለቤቷ ይሆናል፤ ሲጎረምስም በስሟ «አባ» እየተባለ ይጠራል፤ አባቴም በየገበያው አባ ሰጋር ነበሩ። የውርንጭላ ጠጕር ደግሞ አሳሳች ነው፤ ዐመድ መስሎ ተወልዶ ሌላ ሆኖ ያድጋል፣ ዐዋቂ የሚለየው የዐይኑን ዙሪያ ገልጦ ከሥሩ አይቶ ነው። ገልጬ አየሁ፤ ከዐመዱ ሥር ቀይ ነው። ዳማ ልትሆን ነው። ተራው የእኔ መሆኑን ማንም አልተጠራጠረምና፣ እኔም በልቤ አባ ዳማ ሆኜ ጨርሼ ነበር።

የእንቁጣጣሽ ዕለት አባቴ እንግዶቹ ፊት «ስሟን ይበልጣል ያውጣላት፤ የተማረ ነው» አሉ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ይበልጣል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «ይህን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ስታድግ ምን ትሆናለች?» አለኝ።

«ቡላ» አልሁት።

«ቡላ ትባል» አለ ጮክ ብሎ። አባቴ አንድ ጊዜ ውርንጭላዋን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ።

ለጥምቀት ጠጕሯን ለውጣ፣ ፀሐይ ሲመታት የምታብረቀርቅ ዳማ ሆነች። አሁን ይሣቅበታል ብዬ እጠብቅ ነበር። መሣቅስ ተሣቀ፤ ነገር ግን «ዳማዋን ለምን ቡላ አላት?» የማይል ሰው ጠፋና፣ እየተጠየቀ እየተወራ ስሙ ደጀንና መርጡለ ማርያም ድረስ ተሰማ። ሌላው ባለፈረስ በየሰፈሩ ሲቀር፣ አባ ቡላ የተባለውን ይበልጣልን የማያውቅ ገበያተኛ አልነበረም። በነጻ ያስተዋወቅሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሰሞን ይበልጣል ለመስኖ የሚሆን ፓምፕ ሊገዛ ሱቄ መጣ፤ ፀጕሩ ሸብቷል።

«ስንት ፈረስ ነው?» አለኝ።

«አምስት ተኩል።»

አጠገቡ የቆመ ገበሬ «ዳማዋን ለምን ቡላ አልሃት?» ብሎ ያንኑ የተለመደ ጥያቄ ጠየቀው። ይበልጣል ትከሻዬን ያዘና፣ «ስሙን የሰጠኝ እሱ ነው» አለው፤ «አጎቴ እድሉን ለእኔ ቢሰጡት እንኳ ሳይከፋው የሚያውቀውን ነገረኝ። እንዲህ ያለ ወንድም የት ይገኛል?»

ፓምፑን ጠቅልዬ ሰጠሁት፣ ሳይጠይቀኝም ከዋጋው ቀነስሁለት፤ በዚህም አመሰገነኝ። ዛሬ ስታሊየኑንም ሜሩንም ዐውቄያለሁ፣ ጉልበትን በፈረስ እየለካሁ የምሸጠውም እኔ ነኝ፤ አባቴ ኖረው ቢሰሙኝ ጢማቸውን ይነኩ ይሆን ነበር። ያን ጊዜ ይበልጣል በሚያውቀው እቀናበት ነበር፤ አሁን የምቀናው በማያውቀው ነው።