ሁለተኛው ስም

ታላቅ እህቴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ናት። ተማሪዎቿ ከጀርባዋ «ስለዚህ» ይሏታል፤ ይህን ቃል ሳትል ሁለት ዓረፍተ ነገር አትገፋማ። አልጋ ስታነጥፍ እንኳ «አንሶላው አጭር ነው፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ሳቢው» ነው የምትለኝ።

በሃያ ስድስት ዓመቷ ግን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከአንድ የሎጂክ መምህር ጋር ትሠራ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ከአንድ ሰሌዳ ፊት፣ እሷ ስትጽፍ እሳቸው ሲያጠፉ፣ እሳቸው ሲጽፉ እሷ ስታጠፋ ከረሙ። የደከሙበት ጥያቄ በቀላሉ ሲነገር ይህ ነው፦ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራውን ጨርሶ ይቆማል ወይስ መውጫ አጥቶ ሲዞር ይኖራል? ለሁሉም ፕሮግራም የሚሆን አንድ ማወቂያ እንደሌለ የታወቀ ነው። እነሱ ግን ለአንድ ዓይነት ፕሮግራሞች አስቀድሞ ማወቂያ መንገድ አገኙ፤ መንገዱ እንደማይሳሳትም በአሥራ አራት ገጽ አረጋገጡ። ዋናውን ሐሳብ ያመጣችው እህቴ ነበረች።

ጽሑፉ ታትሞ ሲመጣ የመምህሩ ስም ቀድሞ፣ የእሷ ተከትሎ ነበር።

እህቴ ወደ ሎጂክ የመጣችው ከኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ነው። እዚያ ብዙ የለፋ ሰው ስሙ ይቀድማል፤ በዚህ ሰበብ ዓመት የተኮራረፉ ሰዎች ታውቃለች። ስለዚህ ስሟ ሁለተኛ መጻፉን «ረድታኛለች» እንደመባል ቆጠረችው። አልጠየቀችም፣ አልተቆጣችም። የክፍሉን ቁልፍ ፖስታ ውስጥ አሽጋ ለቢሮ ጸሐፊዋ ሰጠችና ወጣች። በወሩ ትምህርት ቤት ተቀጠረች።

ሃያ ዓመት አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መምህሩን ሁለቴ መንገድ ላይ አይታቸው ሁለቴም ተሻግራለች። ሰሌዳው ግን ከልቧ አልወጣም። ፈተና ስታርም የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ክብና ቀስት ትሞነጫጭራለች፤ «ምንድን ነው?» ስላት «ምንም» ብላ ትፍቀዋለች። አንድ ቀን ብቻ፣ ልብስ እያጠፍን፣ «እዚያ ክፍል ውስጥ እኮ መራቤ እንኳ አይታወቀኝም ነበር» አለችኝ። ወዲያው ወሬ ቀየረች።

ባለፈው ሰሞን ደብዳቤው መጣ። በሎጂክና በኮምፒውተር ሳይንስ ንድፈ ሐሳብ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ታትመው ዛሬም ለሚሠራባቸው ጽሑፎች የሚሰጥ ሽልማት አለ። የዘንድሮው ለእነዚያ አሥራ አራት ገጾች ሆነ። አንብበን ስንጨርስ እናታችን መነጽሯን አወለቀች።

«እና ሃያ ዓመት ቁጭ ብለው አይተው ነው የገባቸው?»

«ወረት እንዳልሆነ ለማወቅ ነው እማዬ» አልኳት።

«እኔ ከአባታችሁ ጋር አርባ ዓመት ስኖር ማን ሸለመኝ?»

እህቴ አልሳቀችም። ከደብዳቤው ጋር የተያያዘውን የቀድሞ ተሸላሚዎች ዝርዝር እያየች ነበር። ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ፤ ወደ ላይ ተመለሰ፤ እንደገና ወረደ። ሁለትም ይሁኑ አምስት፣ የጸሐፊዎቹ ስም የተደረደረው በፊደል ተራ ነው። አንድም ያፈነገጠ የለም።

«እዚህ ሙያ ውስጥ በፊደል ተራ ነው የሚጻፈው» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

ሁለት ዓመት ስንት ጽሑፍ አገላብጣ እንዴት አላስተዋለችም ትሉ ይሆናል። እህቴን ብታውቋት አትጠይቁም። ማረጋገጫውን ስታሳድድ የጸሐፊውን ስም መች ታያለች?

ሦስት ቀን ስልኩን እያነሳች አስቀመጠች። በአራተኛው ደወለች። ከጎኗ ተቀምጬ ስለነበር የሁለቱም ድምፅ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«አወቅሁሽ። ቁልፍ በፖስታ የምትመልሺዋ።»

«የሄድኩት ስሜ ሁለተኛ ስለተጻፈ ነው።»



«እኔ ደግሞ ሥራው ሰልችቷት ነው ብዬ ነበር» አሉ መምህሩ። «ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት ልጄ?»

«እርስዎስ ቢጠይቁኝ?»

«እሱም እውነት ነው።»

ስለ ሽልማቱ አንድ ቃል አላነሳችም። «ቅዳሜ ቅዳሜ ልምጣ?» ነው ያለችው፤ እንደ ልጅ።

«ዓይኔ ደክሟል። ሰሌዳ አይታየኝም።»

«አነብልዎታለሁ።»

በመጀመሪያው ቅዳሜ አብሬያት ቤታቸው ሄድኩ። መምህሩ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ ትይዩ ያለውን ወንበር ለእሷ አዘጋጅተው ጠበቁን። የድሮውን ጽሑፍ አውጥታ ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን ገጾች እንደ ውሃ ወረደቻቸው። አምስተኛው ላይ ቆመች። አንዲቱን መስመር ደግማ አነበበች፤ ሦስተኛ ደገመች።

«ምነው?» አሉ።

«ይህቺ ከየት እንደመጣች አልገባኝም።»

«እሷማ ያንቺ ናት። እኔን ራሴን ሁለት ሳምንት ነው ያስረዳሽኝ።»

እህቴ ገጹን አተኩራ አየችው፣ ሰው ከሩቅ አይቶ «እሷ ትሆን?» እንደሚል ዓይነት አስተያየት። ያኔ የጻፈችው ልጅ የምታውቀውን የዛሬዋ እህቴ አታውቀውም።

«ጠፍታብኛለች ጋሼ።»

«ቀስ በይ» አሉ። «እኔ የምሄድበት የለኝም።»

ወንበሯን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችና ከገጹ አናት ጀመረች፤ አሁን ቃል በቃል፣ በጣም ቀስ ብላ።