እማማ ዘሀራ ዛሬ ደስ ብሏቸው ነበር

«አልሐምዱሊላህ! አላህ ዕድሜህን ያርዝመው ልጄ!» እማማ ዘሀራ ዛሬ ተማሪዬን እንዲህ ብለው የመረቁት፣ ጎረቤት የያዘባቸውን መሬት እንደማያስመልሱ ሲነግራቸው ነው።

ግራና ከምትባለው ከተማ ተነስተው ወልድያ ድረስ የመጡት የሕግ ተማሪዎቻችን ነፃ ምክር ወደሚሰጡበት ቢሮ ነበር። ጎበዙን ተማሪዬን መደብኩላቸው። ኤ ያገኘ ልጅ ነው፤ ያውም ከእኔ!

ሰነዳቸውን አይቶ በትሕትና «እማማ፣ ክሌምዎ በፒሪየድ ኦፍ ሊሚቴሽን ባርድ ሆኗል» አላቸው።

የተማረ ልጅ እንዲያ አክብሮ ሲያናግራቸው መልካም ዜና መሰላቸው። «እንግዲህ ዘንድሮ ላሳርሰው?» ሲሉት ልጁ ዞሮ እኔን አየኝ።

በእንግሊዝኛ አስተምሬ በእንግሊዝኛ ፈተንኩት። ይህን ለአንዲት እናት እንዴት ትነግራታለህ ብዬ ግን ጠይቄው አላውቅም።

እኔው ነገርኳቸው። «እማማ፣ መክሰሻው ጊዜ አልፏል። አሁን ቢከሱም ፍርድ ቤቱ አይቀበልዎትም።»

አልተቆጡም። ሻርፓቸውን እያስተካከሉ «ታዲያ መጀመሪያ ለምን ደስ አሰኛችሁኝ?» አሉ።

እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። መንገዱን ሙሉ ሲመርቁኝ አሜን ማለት አቃተኝ።

እናንተ የሕግ ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ቀን ገጥሟችሁ ያውቃል? ምን ብላችሁ መለሳችሁ?